በወረርሽኝ ጊዜ ስብሰባን ስለ መሰረዝ፤ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

በንግድ ሥራ ውስጥ ከባዱ ውሳኔ ሁልጊዜ የመግዛትና የመሸጥ ውሳኔ አይደለም። የተጠራውን እንግዳ አትምጣ ማለት፣ የተከራዩትን አዳራሽ መመለስ፣ በጋዜጣና በራዲዮ የተነገረውን ቀን ማንሣት አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ይከብዳል። ገንዘብ ወጥቷል፤ ስም ተጠርቷል፤ ቃል ተሰጥቷል። በሽታ ደግሞ ቀን ቈጥሮ አይመጣም። በእንዲህ ያለው ጊዜ አዘጋጁ ምን ያድርግ? ጥያቄው የታላላቅ ከተሞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከነቀምቴ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ለአርጆ ነጋዴም እኩል የሚመለከተው ነው። ገበያ ራሱ ስብሰባ ነውና። ቡና፣ ኑግና ማር የሚሰበስበው፣ ጨርቅና ቆርቆሮ የሚያስመጣው፣ በሱቁ ደጃፍ ደንበኛ የሚጠብቀው ሁሉ የሚኖረው ሰው ከሰው ጋር በመገናኘቱ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ለመማር በአገራችን የደረሰ አንድ እውነተኛ ምሳሌ አለ፤ እርሱን አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል።

አዲስ አበባ ሳይደርስ የቀረው ጉባኤ

ኮምፒዩተር ከብዙ ምሳሌዎች እየተማረ ሥራ የሚሠራበትን ጥበብ፣ ማለትም ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን፣ የሚመረምሩ ሊቃውንት በየዓመቱ የሚገናኙበት አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አለ፤ በምሕጻረ ቃል አይ.ሲ.ኤል.አር. ይባላል። 8ኛው ጉባኤ ከሚያዝያ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። በዚህ ዘርፍ ካሉት ታላላቅ ጉባኤዎች አንዱ ወደ አፍሪቃ ምድር ሲመጣ የመጀመሪያው ይሆን ነበር።

አዲስ አበባ የተመረጠችው በአጋጣሚ አልነበረም። በሰሜን አሜሪካ በሚደረጉት ተመሳሳይ ጉባኤዎች ላይ ለመገኘት የተጠሩ ብዙ አፍሪቃውያን ተመራማሪዎች የመግቢያ ፈቃድ ይከለከሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤ ይህ ችግር ጎልቶ ታይቷል። የአፍሪቃ ልጆች ወደ ጉባኤው መድረስ ካልቻሉ ጉባኤው ወደ እነርሱ ይምጣ የሚለው አሳብ ሰሚ ያገኘው በዚያው ዘመን ነው። እንግዲህ ስብሰባውን መሰረዝ አዳራሽ መመለስ ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ ጊዜ ሲጠበቅ የቆየ በር ሊከፈት ሲል መልሶ መዝጋት ነበር። ሆቴሎች፣ ባለ ታክሲዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የእጅ ሥራ ሻጮችም ከዚያ ሳምንት የሚያገኙት ገቢ ነበራቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ብሎ የገለጸው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ታላላቅ ስብሰባዎች እንዲቆሙ መንግሥት አዘዘ። መጋቢት 22 ቀን ደግሞ የምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ቀን የታሰበውን አገር አቀፍ ምርጫ በተያዘለት ጊዜ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአፈጻጸሙም ከአራት ሰው በላይ የሆነ ስብሰባ ተከለከለ።

የጉባኤው አዘጋጆች ውሳኔያቸውን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ነው። ጉባኤው በአካል መደረጉ ቀርቶ በሙሉ በኢንተርኔት እንዲካሄድ ወሰኑ። እያንዳንዱ የጥናት ባለቤት የአምስት ደቂቃ ንግግር በፊልም ቀርጾ አስቀድሞ እንዲልክ ተደረገ፤ የዓለም ሰዓት ስለሚለያይም ጥያቄ የሚመልስበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተመደበለት። የመመዝገቢያው ክፍያ ለተማሪ 50፣ ለሌላው 100 የአሜሪካ ዶላር ሆነ። ባለፈው ዓመት በኒው ኦርሊየንስ የተገኙት ወደ 2,700 ሰዎች ሲሆኑ በዚህኛው ወደ 90 ከሚጠጉ አገሮች ከ5,600 በላይ ሰዎች ተካፈሉ።

በቍጥር የተመለከተው ሰው ውሳኔው አተረፈ ይላል። አዲስ አበባ ግን እንግዶቿን አላየችም። ያ ጉባኤ በአፍሪቃ ምድር በአካል የተደረገው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በኪጋሊ ነው። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ትክክለኛ ውሳኔም ቢሆን ኪሣራ ሊኖረው እንደሚችልና ኪሣራ መኖሩ ብቻ ውሳኔውን ስሕተት እንደማያሰኘው ነው።

ማን ሰረዘው? የሕግ ነገር

በዚያው ዓመት በኤውሮፓ የደረሱ ሁለት ነገሮች ለነጋዴ ልዩ ትምህርት አላቸው።

በባርሴሎና በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ የተንቀሳቃሽ ስልክ ትርዒት ከየካቲት 16 እስከ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲሆን ተዘጋጅቶ ነበር። ከ100,000 በላይ ጎብኚ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን እንደ ኤሪክሰንና ኖኪያ ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች አንድ በአንድ አንመጣም አሉ፤ አዘጋጁ ማኅበርም የካቲት 4 ቀን ትርዒቱን ሰረዘ። በዚያን ጊዜ ከመንግሥት የመጣ ክልከላ አልነበረም። በጄኔቫ የሚደረገው የአውቶሞቢል ትርዒት ግን የቀረው የካቲት 20 ቀን፣ ለሕዝብ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የስዊስ መንግሥት ከ1,000 ሰው በላይ የሚገኝበትን ስብሰባ በመከልከሉ ነው።

ሁለቱም ትርዒቶች ቀሩ፤ በሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለ ዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ነገር ነው። ሥራውን የሚያከብደው ወይም ወጪውን የሚያበዛው ብቻ ከሆነ አይበቃም። ቍጥር 1793 ደግሞ ምሳሌዎችን ሲዘረዝር ውሉ እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላን ይጨምራል።

ከዚህም የተነሣ ነጋዴው ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባዋል። አንደኛ፤ ክልከላ ከመምጣቱ በፊት በራሱ ፈቃድ የሰረዘ ሰው ከአቅም በላይ ሆነብኝ ብሎ መከራከሩ ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ ከአዳራሹ ባለቤትና ከአቅራቢዎች ጋር በስምምነት መነጋገር ይሻለዋል። ሁለተኛ፤ በሽታው ከታወቀ በኋላ አዲስ ውል የሚፈርም ሰው ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ለማለት አይመቸውም። ሦስተኛ፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ መጻፍ ነው። ስብሰባው በበሽታ ምክንያት ቢቀር ቀብዱ ምን ያህል እንደሚመለስ፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ ቢነገር እንደሚመለስ በሁለት መስመር የጻፈ ነጋዴ በኋላ ከሙግት ይድናል።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም

አዘጋጆችን ከሁሉ የሚያሳስታቸው አስቀድሞ የወጣው ገንዘብ ነው። «ይህን ያህል ብር አውጥተን እንዴት እንተወዋለን?» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይሰማል። ነገሩን ለማስረዳት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንመልከት።

በአርጆ አንድ የነጋዴዎች ማኅበር ለቡና፣ ለማርና ለቅባት እህል ነጋዴዎች ትርዒት አዘጋጀ እንበል፤ በዚያውም በስልክ ገንዘብ መክፈልና መቀበል ለባለ ሱቆች ሊታይ ታሰበ። ቦታ የሚይዙት 40 ነጋዴዎች ሲሆኑ እያንዳንዱ በትርዒቱ ቀን 9,000 ብር ይከፍላል፤ ድምሩ 360,000 ብር ነው። እስከ ዛሬ ለድንኳንና ለማስታወቂያ 90,000 ብር ወጥቷል። ከዛሬ በኋላ ደግሞ ነጋዴ ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣ 170,000 ብርና ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ነጋዴ 1,000 ብር ይቀራል። ትርዒቱ ዛሬ ቢሰረዝ የድንኳኑ ባለቤት 20,000 ብር ይመልሳል።

ሁሉም ቢመጡ ከዛሬ ጀምሮ ያለው ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ከገቢው ከ360,000 ላይ ወጪው 210,000 ሲቀነስ 150,000 ብር ይተርፋል። ይህ መሰረዝ ከሚያስገኘው 20,000 ይበልጣልና ትርዒቱን ማድረግ ይሻላል። በሽታ ተሰምቶ ግማሹ ነጋዴ ቢቀር ግን ገቢው 180,000፣ ወጪው 190,000 ይሆናል፤ 10,000 ብር ይጎድላል። ይህ ከመሰረዙ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 30,000 ብር ነው። ሒሳቡ ሲጣራ መለያው 24 ነጋዴ ነው፤ 24 ቢመጡ ማድረጉ በጥቂቱ ይሻላል፤ 23 ብቻ ቢመጡ መሰረዙ ይሻላል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ የወጣው 90,000 ብር አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም። ትርዒቱ ቢደረግም ባይደረግም ያ ገንዘብ ወጥቷልና። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የተባለው ለዚህ ነው። አዘጋጁ ሊጠይቅ የሚገባው እስከ ዛሬ ስንት እንዳወጣ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ ስንት እንደሚያወጣና ስንት እንደሚያገኝ ነው።

ሌላም ትምህርት አለበት። የድንኳኑ ባለቤት ገንዘቡን የሚመልሰው ቀኑ ሳይደርስ ከተነገረው ብቻ ነው እንበል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ መሰረዝ 20,000 ብር አያስገኝም፤ መለያውም ወደ 22 ነጋዴ ይወርዳል። እንግዲህ ዝም ብሎ መቆየት ራሱ ውሳኔ ነው፤ ዋጋም አለው። ባርሴሎና ላይ እንደታየው አዘጋጁ ሲያመነታ እንግዶቹ ራሳቸው ይወስኑለታል፤ በዚያን ጊዜም ውሳኔው የእርሱ መሆኑ ይቀራል።

በመዝገብ የማይጻፈው ዕዳ

ከዚህ በላይ የተጻፈው የብር ሒሳብ ነው። ነገር ግን በሽታ የሚያስከትለው ዕዳ በአዘጋጁ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ትርፉን የሚያገኘው ትርዒቱን ያደረገው ሲሆን ሕመሙን የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ ወደ ትርዒቱ ያልሄዱት ናቸው፤ በቤት ያሉ ሽማግሌዎች፣ በሱቅ ያሉ ረዳቶች፣ በአውቶቡስ አጠገብ የተቀመጡ መንገደኞች።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ በቦስተን ከተማ የአንድ ኩባንያ መሪዎች፣ ቍጥራቸው ከ200 የማይበልጥ ሰዎች፣ በአንድ ሆቴል ተሰበሰቡ። በስብሰባው ከተገኙትና ከእነርሱ ጋር ከተገናኙት መካከል ከ90 በላይ ሰዎች መታመማቸው ታወቀ፤ የበሽታውም ዘር ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌሎች አገሮች መድረሱን ሊቃውንት በኋላ መርምረው አስረድተዋል። ተሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ጤነኞች መስለው ነበር። ይህ በሽታ በሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ አምስት ቀን ያህል፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይቆያል። «በከተማችን የታመመ የለም» ማለት እንግዲህ ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አገራችን ይህን ነገር ከዚያ በፊትም ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብዙ ሺ ሰው ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት ልማድ፣ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው፣ ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በጊዜ የሰረዘ ሰው ብዙ ጊዜ አይመሰገንም። በሽታው ባይስፋፋ «በከንቱ አስፈራራን» ይባላል። የደረሰ ጉዳት ይታያል፤ ሳይደርስ የቀረ ጉዳት ግን አይታይም። ስለዚህ አዘጋጁ የወሰነበትን ምክንያትና በዚያን ቀን ያውቀው የነበረውን ነገር በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባዋል። ውሳኔ የሚመዘነው በኋላ በሆነው ሳይሆን በዚያን ቀን በታወቀው ነው።

በማድረግና በመሰረዝ መካከል ያለው መንገድ

ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። ማስተላለፍ አለ፤ ቦታ መለወጥ አለ፤ መከፋፈል አለ፤ መልኩን መለወጥም አለ። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአትክልት ተራ ገበያ አልተዘጋም፤ ከጠባቡ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሰፊው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሕዝቡ አትክልት መብላት አልተወም፤ የተለወጠው የሰው መጨናነቅ ነው። ለአርጆና ለነቀምቴ ገበያተኛም ከዚህ የሚገኘው ምክር፣ ስብሰባው ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ነው። ለመገበያየት ከሆነ ሰፊ ሜዳና የተለያየ ሰዓት ይበቃል። ዋጋ ለመስማማት ከሆነ ስልክ ይበቃል። ለመተዋወቅ ከሆነ ግን ማስተላለፍ ይሻላል፤ ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሳይተያይ የሚገኝ መተማመን ጥቂት ነውና።

በኢንተርኔት መሰብሰብን በሚመለከት አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይ.ሲ.ኤል.አር. በኢንተርኔት እንዲሆን በተወሰነበት ሰሞን በወለጋ የነበረው ሁኔታ ይህ ነው፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት መገባደጃ ነው። በጉባኤው ከታሰቡት ጉዳዮች አንዱ የአፍሪቃ ቋንቋዎች በኮምፒዩተር እንዴት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ነበር፤ ነገሩ የቀረበለት ሰው ግን በሽቦው ማዶ ሊሰማ የማይችልበት ጊዜ ነበር። በኒው ዮርክ ላለ ሰው በርን የሰፋ ውሳኔ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ ላለ ሰው በርን የዘጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልኩን የሚለውጥ አዘጋጅ የሚመጡትን ብቻ ሳይሆን የማይደርሱትንም መቍጠር አለበት፤ ለእነርሱም ደብዳቤ፣ ራዲዮ፣ ወይም በየከተማው በጥቂት ሰው የሚደረግ ስብሰባ ማሰብ ይገባዋል።

ለአዘጋጆች የሚሆን ሥርዓት

ከላይ የተነገረው ሁሉ ተጠቃልሎ እንደሚከተለው ሊሠራበት ይችላል።

1. ውል ሲፈረም የመሰረዝ ነገር ይጻፍበት፤ ቀብዱ የሚመለስበት መጠንና ቀን ይገለጽ።

2. ገና ሥራው ሲጀመር ውሳኔ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ይቈረጥ። ቀኑም ትልልቅ ወጪዎች ከመውጣታቸውና ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ይሁን። ከጊምቢ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ተነሥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመለስ ማለት ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው።

3. ውሳኔውን የሚሰጡት ሦስት ወይም አምስት ሰዎች አስቀድመው ይመረጡ፤ አንዱ የጤና ባለሙያ ይሁን። ከትርዒቱ በቀጥታ የሚያተርፍ ሰው ብቻውን አይወስን።

4. ሒሳቡ ከዛሬ ወደ ፊት ያለውን ገቢና ወጪ ብቻ ይያዝ፤ ያለፈው ወጪ በሌላ ገጽ ይጻፍ።

5. የመንግሥት ማስታወቂያ ከመጣ ያለ ክርክር ይፈጸም፤ ማስረጃውም ለውል ጉዳይ በፋይል ይቀመጥ።

6. ውሳኔው ለሁሉ በአንድ ቀን ይነገር፤ ገንዘብ የሚመለስላቸውም መቼ እንደሚመለስላቸው ይገለጽላቸው። አስቀድሞ የሚከፈለው ለአነስተኛ ነጋዴዎች ይሁን፤ ለትልቅ ነጋዴ የሳምንት መዘግየት የሆነው ነገር ለትንሹ ሱቅ መዘጋት ሊሆን ይችላልና።

7. የተላለፈ ስብሰባ አዲስ ቀን እስኪቈረጥለት ድረስ ተሰርዟል ተብሎ ይቈጠር። ቀን የሌለው ቀጠሮ ነጋዴን ዕቃውን እንዳይሸጥና እንዳያስቀምጥ አንጠልጥሎ ይይዘዋል።

የለቀምት ቡና በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራው ገዢው ሻጩን ስለሚያምነው ነው። መተማመን ደግሞ በትርዒት ቀን ብቻ አይገነባም። ስብሰባው በቀረ ጊዜ ገንዘቡን በሰዓቱ የመለሰ፣ ምክንያቱን ሳይሸሽግ የተናገረ፣ እንግዳውን ከመንገድ ያላስመለሰ አዘጋጅ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ ሰው ይመጣለታል። የጠራውን ሕዝብ ለበሽታ አሳልፎ የሰጠ ግን አዳራሹን ዛሬ ቢሞላ እንኳ ነገ ማን እንደሚመጣለት ማሰብ አለበት።